«ከፍተኛ» የተባለው የሐይቃችን ግድብ

ክቡር አዘጋጅ፣

በአትላንታ ዙሪያ ለዓሣ ማጥመጃና ለመዝናኛ በተሠሩ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ግርጌ የምንኖር ብዙዎች ነን፤ ይሁንና ስለ ደኅንነት ደረጃቸው ያለን ግንዛቤ የተዛባ ይመስለኛል። አንድ ግድብ «ከፍተኛ አደጋ» ተብሎ ሲመደብ ሊፈርስ ተቃርቧል ማለት ሳይሆን፣ ቢፈርስ የሰው ሕይወት ይጠፋል ተብሎ ይገመታል ማለት ነው። የግድቡ ጤንነት የሚገለጸው «አጥጋቢ» ወይም «ደካማ» በሚሉና በመሳሰሉት ሌሎች ደረጃዎች ነው። በመሆኑም ግድቡ ምንም ሳይነካ፣ ከታቹ አዲስ ቤቶች ስለተሠሩ ብቻ ምድቡ ሊለወጥ ይችላል።

ጆርጂያ ይህን በመራራ መንገድ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኃይል ማመንጨት ካቆመ በኋላ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ያገለግል የነበረው የኬሊ ባርንስ የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ፣ በቶኮዋ ፎልስ ኮሌጅ ግቢ 39 ሰዎች ሞቱ። ግዛቲቱ የግድብ ደኅንነት ሕግ ያወጣችው በዓመቱ ነበር።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በምዞረው ግድብ ተዳፋት ላይ የሰው ወገብ የሚያህል ጥድ በቅሏል፤ ዝናብ በሌለበት ሳምንት እንኳ የግርጌው ሣር ጫማ ያርሳል። የዛፍ ሥር ሲበሰብስ ለውኃ መንገድ ይከፍታል፤ የሚሰርገው ውኃ ከደፈረሰም አፈሩን ከውስጥ እየጠረገ ነውና ጊዜ አይሰጥም። የነዋሪዎች ማኅበሩን ብጠይቅ «ደረጃው ከፍተኛ ስለሆነ አይስጉ» ተባልኩ፤ እንደ ፈተና ውጤት ቆጥረውት ይሆናል። የመጨረሻው ፍተሻ ቀንና ሁለቱም ደረጃዎች በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአትላንታ አካባቢ