የጀልባችን ወለል ተደርምሷል፤ ከጥር ሥላሴ በፊት እንድረስላት

በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ፣ በአረብ አገርና በአሜሪካ ለምትኖሩ፣ በጣና ሐይቅ ያለችው የደቅ ደሴት ተወላጆችና ወዳጆች፤

የጀልባው ኮሚቴ ነን፤ እንደገና መጣን። «እነዚህ ሰዎች ደግሞ ምን ፈልገው ነው?» የሚል እንዳለ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር እኛም መለመን ሰልችቶናል። ግን ጀልባዋ ከወደቡ ዳር ቆማለች፤ የጥር ሥላሴ ንግሥ ደግሞ እየደረሰ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዳጉሳ እየተጫነ ሳለ ወለሉ ተደረመሰ። ጆንያ የተሸከመው ልጅ እስከ ጭኑ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩ ከመላላጡ በቀር ሌላ አልደረሰበትም። ጆንያው ግን ተቀደደና ዳጉሳው ከሥር ከተጠራቀመው ውኃና ቤንዚን ጋር ተለወሰ። የሰው የዓመት ልፋት ነው፣ ለዶሮ እንኳ አልሆነም። ወለሉን ገልበን ስናየው ኮምፔንሳቶው ሽፋን በሽፋን ተላጧል። ሚስማሩን በጣት ስንነካው አናቱ ይረግፋል። ወለሉን ከሥር የተሸከሙት ሞራሌዎች ብቻ ናቸው ገና የያዙት፣ እነሱም ሁሉም አይደሉም።

ጀልባዋን ታውቋታላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤተ ክርስቲያናችን ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሰዎች ጋር ሆና የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ስታስገባ የመጣው ዓይነት ናት። የተሠራችው ለዓሣ ነው። ዓሣ ደግሞ ውኃ ላይ ቢተኛ ቅር አይለውም። ሆዷ ወደ መሐል ጎድጎድ ያለ ነው፤ ማዕበል የረጨው፣ ከመረብ የተንጠባጠበው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። እኛ ግን ዛሬ የምንጭንባት እህል፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ በሽተኛ ነው። ምጥ የያዛት እናት ያንን ውኃ ላይ ተኝታ ስትሄድ ያየ ሰው ወለል ለምን አስፈለገ ብሎ አይጠይቅም። የደንገል ታንኳ ደግሞ ለዚህ አይሆንም፤ ለቅርብ መንገድ እንጂ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማን ይደፍራል?

አሁን በየቦታው ወደሚነሳው ጥያቄ እንምጣ፤ ያለፈው ብር የት ገባ?

ጀልባዋ ላይ ገባ። ሥሯ በዝገት ተበልቶ በየቦታው ያስገባ ነበር። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ተበየደ፣ አንቲረስት ተቀባ። አሁን ጠብ አይልም። የሞተሩ ማርሽ ተቀየረ። የሕይወት አድን ጃኬት ተገዛ፤ በፊት አንድም አልነበረም። በተረፈው የእንጨት ወለሉን ሠራን። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፣ ሒሳቡም በዓውደ ምሕረት ተነቧል። ለኮሚቴ አባል አበል የሚባል ነገር የለም፤ ስንሰበሰብ የምንጠጣው ቡና እንኳ ከኪሳችን ነው።

«ለምን ኮምፔንሳቶ ገዛችሁ?» ለሚሉን፣ ያኔ በነበረው ብር የሚገዛው እሱ ስለነበረ ነው። ብረት እናስመጣ ብንል ኖሮ ሕዝቡ እስካሁን ውኃ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ያ ወለል ሲያገለግል ከርሟል፣ ስንት እናት አድርሷል። ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበር እንላለን።

ከዚያ ወዲህ ለብረት ወለል መሰብሰብ ጀምረን ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ግን የብረት ዋጋ ከእጃችን አመለጠ። ባለፈው የጠየቅንበት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ቴሌግራም ላይ ቃል የገባው ሰውም ብዙ ነው፣ የከፈለው ጥቂት። ማንንም አንወቅስም፣ ኑሮ ለሁሉም ከብዷል። ቃላችሁን ግን አልረሳንም።

የአሁኑን አሠራር ዘርዘር አድርገን መናገር እንፈልጋለን፤ ሰው ብሩ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ ወለሉን ሙሉ በሙሉ በላሜራ እናልብሰው የሚል ሐሳብ ነበር። ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ባለ 3 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መላውን ወለል በዚያ ብንሸፍን ሰው ሳይሳፈር ጀልባዋ የብዙ ሰው ክብደት ተሸከመች ማለት ነው። ያውም ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ወለል ከፍ ባለ ቁጥር የተቀመጠው ሰውም ከፍ ይላል፤ ሰው ከፍ ሲል ጀልባ ትወላውላለች። በዚያ ላይ ሁሉም ወዳጅ ለማየት ወደ አንድ ጎን ሲንጋጋ አስቡት።

ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከሥር ያለው አጽም ከአንግል ብረት ይበየዳል፣ ከጀልባዋ ጎድን ጋርም በቡሎን ይታሰራል። ከላይ የሚነጠፈው የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው፤ በጣውላና በጣውላ መካከል ክፍተት ይተዋል። ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፣ የቤንዚኑም ተን ከሥር ታፍኖ አይቀርም። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ታፍኖ የቀረ የቤንዚን ተን አንድ የሲጋራ ፍም ይበቃዋል። ከኋላ በኩል፣ ሥሯ በጣም በሚጎደጉድበት ቦታ፣ ተነሥቶ የሚከደን መስኮት ይኖራል፤ ውኃው በዚያ ይቀዳል። ከፍታው ከጠርዙ በታች እንጂ በላይ አይሆንም፤ ተሳፋሪው ጠርዙ ደገፍ አድርጎት እንዲቀመጥ። ፎቅ ይሁን የምትሉ ልጆች አላችሁ፤ እባካችሁ ተዉን።

ጣውላውን የተቃጠለ ዘይት እንቀባው የሚልም ነበር። እውነት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ምስጥም ይከላከላል። ግን ያ ዘይት በዝናብ እየታጠበ የሚገባው የምንጠጣው ሐይቅ ውስጥ ነው። ቀለም እንገዛለን።

ከወለሉ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ጀሪካን እናስራለን። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑ ከጠበቀ ውኃ ውስጥ 20 ኪሎ ገደማ ያነሳል። ግራና ቀኝ እኩል ታስረው ከበዙ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ጀልባዋ ውኃ ብትሞላ እንኳ ቶሎ አትሰጥምም። ይህን ለማዋጣት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። የዘይት ጀሪካን የሌለው ቤት የለም።

ብየዳውን በግማሽ ዋጋ የሚሠራልን የሠፈራችን ልጅ አለ፤ ውኃው ሸሽቶ ዳርቻው እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው። ጉልበቱን እኛ እንችላለን። የሚጎድለን ዕቃው ነው፤ ባለ ስድስት ሜትር አንግል ብረት፣ ጣውላ፣ ቡሎን፣ ኤሌክትሮድ፣ አንቲረስት፣ ቀለም። «አንድ አንግል እኔ ልግዛ» የሚል ሰው ካለ ብሩን ከመላክ ይልቅ ራሱ ገዝቶ ባሕር ዳር ወደብ ቢያደርስልን ደስ ይለናል። እንደዚያ ሲሆን ሐሜትም የለም።

አንድ አባት በቀደም ዕለት «ኖኅ ሦስት ደርብ ሠራ፤ እናንተ አንዱ አቃታችሁ?» አሉን። ስቀን ዝም አልን፤ ኖኅ ብረት በውጭ ምንዛሬ አልገዛም። ግን እውነታቸውን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መበለቲቱም ሁለት ሳንቲም ነው የጣለችው። ጥር 7 ናርጋ ሥላሴን ለመሳለም የምትመጡም ብዙ ናችሁ፤ በምን እንደምትሻገሩ አስቡ።

ስለ አከፋፈሉ። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በንግድ ባንክ ወደተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። የሦስት ሰው ፊርማ ከሌለ አይወጣም። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው በስማችን ሌላ ቁጥር የሚያዘዋውሩ ሰዎች ስላጋጠሙን ነው። ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ውሰዱ፤ ሩቅ ያላችሁ ወረቀቱን በምታውቁት የኮሚቴ አባል አስልኩ፣ ደውላችሁም በድምፅ አረጋግጡ። በግል የቴሌብር ቁጥር «ለጀልባው» ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ደግመን እንላለን፣ እኛ አይደለንም።

ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ «ወለል» ብላችሁ ጻፉ። ሳይጻፍ የመጣ ብር ከነዳጅ ሒሳቡ ጋር እየተቀላቀለ አስቸግሮናል። ከላካችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዡ ላኩ፤ ስማችሁ እንዲመዘገብ፣ ስማችሁ እንዳይጠራ ከፈለጋችሁም ያንኑ ንገሩን። ሂሳቡ የንግድ ባንኩ ብቻ ነው፣ ምክንያቱ «ወለል»።

ዕቃው እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ካልተሟላ ብየዳው ለንግሡ አይደርስም። ጀሪካን የምታመጡ፣ እባካችሁ ከነክዳኑ።

የጀልባው ኮሚቴ