የጎጆውን ቦታ አትናገሪ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ሚጣዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲመጣ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ስቆጣ "እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ" ትዪና ወሬውን ወደ እናትሽ ጉልበት ታዞሪዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የአጎትሽ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ቡና እየጠጣን ስልኩን አወጣና "ጋሼ፣ ሚጣ ያነሳችውን አይተዋል?" አለኝ። ሁለት የጉጉት ጫጩቶች። ከጥጥ የተሠሩ ይመስላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። ብርሃኑ የጠዋት ነው፣ ከጎን የመጣ። ፍላሽ አልተጠቀምሽም። እናትሽን ከጓዳ ጠርቼ "ነይ የልጅሽን ሥራ እዪ" አልኳት።

ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ከሥሩ ለጓደኞችሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። መናገሻ ሱባ ደን። ከመኪና ማቆሚያው ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ። በየትኛው በኩል እንደሚታጠፍ። ከየትኛው የወደቀ ግንድ ቀጥሎ እንዳለ። አንዱ ደግሞ ከታች "እሁድ እንሄዳለን፣ ማን ይመጣል?" ብሏል። አሥራ አራት ሰው እጁን አውጥቷል። ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሚጣ፣ የጎጆ ቦታ አይነገርም። ለጓደኛም አይነገርም።

ጓደኞችሽ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ። አምና እዚህ ቤት ዓሣ በልተዋል። እንዳንቺው ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ተቀምጠው እሁድን የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ወፍ ይወዳሉ። ችግሩም እሱ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ቢያያት ጉጉቷ ትችላለች። አሥራ አራት የሚወዷት ሰዎች ከዛፉ ሥር ሲቆሙ ግን እናቲቱ ወደ ጫጩቶቿ አትመለስም። ከእነሱ ኋላ ደግሞ የማይወዷት ይመጣሉ። ጉጉት እኛ ሀገር ወዳጅ የላትም። አያትሽ ነፍሷን ይማርና፣ ማታ ጉጉት ስትጮህ ከሰማች አማትባ ታናሽ ወንድሜን ድንጋይ አስይዛ ትልከው ነበር። "ሟርተኛ" ነው የምትላት። ዛሬም እንደሷ የሚያስብ ሞልቷል። እናንተ ሣሩን ረግጣችሁ ያበጃችሁት መንገድ ደግሞ ማንን ይዞ እንደሚሄድ አያውቅም።

ሌላም አለ። የአጎትሽ ልጅ ነው ያስረዳኝ፣ እኔ የት አውቄው። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ ፎቶ በፋይል ስትላላኩ፣ ስልኩ ያነሳበትን ቦታ አብሮ ይዞ ይሄዳል አለኝ። አንቺ ዝም ብትዪ ፎቶው ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህ የስልክሽ ካሜራ ላይ ሎኬሽን የሚለውን ዝጊ። ዛሬውኑ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ዝጊውና ተመለሺ።

ዘጋሽው?

አሁን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ስለተሰቀለው ፎቶ ላውራሽ። ጥቁር ጭረት፣ ነጭ ጠባሳ የመሰለ ነገር፣ ታች ጥግ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ ጭቃ ያለበት። ትንሽ ልጅ ሆነሽ "አባዬ ይሄ ምንድነው?" ስትዪኝ "የተበላሸ ፎቶ ነው" እልሽ ነበር። አንድ ቀን "ታዲያ ለምን ሰቀልከው?" አልሽኝ። መልስ አልሰጠሁሽም።

1987 ዓ.ም. ነው። አንቺ ከተወለድሽ አርባ ምናምን ቀንሽ ነው። ክርስትና አልተነሳሽም፣ ሰማንያ ቀንሽ ገና ነበር። እናትሽ አራስ ናት። ያኔ ወንዶ ገነት ነበር የማስተምረው። ፎቶ የምንወድ አራት መምህራን ነበርን፣ ካሜራ ግን ሁለት ብቻ። የኔዋ ዜኒት ነበረች፤ ሩስያ ተምሮ ከመጣ ሰው ላይ በዕቁብ ብር የገዛኋት። ከባድ ናት፣ እንደ ጡብ። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው። እሱን ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጅብናል። ከዚያ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልገን እንልካለን፤ ታጥቦ እስኪመጣ ሌላ ሦስት ሳምንት። ሲመጣ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንጨቃጨቃለን። "ይሄ ተንቀጥቅጧል።" "ይሄ ፀሐይ በላው።" "ይሄን ወፍ ለማንሳት ነው ወይስ ሰማዩን?" እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ከዚያ በኋላ አላስታውስም።

ወፉን ታውቂዋለሽ። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስለው፣ ሐዋሳ ዛፍ ላይ ሆኖ ጠዋት ጠዋት እንደ አህያ እየጮኸ ከእንቅልፍሽ ያስነሳሽ የነበረው ትልቁ። ሆርንቢል የሚሉት። ሴቷ ዕንቁላል ልትጥል ስትል ትልቅ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይመረጋል። አፈሩን የሚያመጣው ወንዱ ነው። ይውጠዋል፣ በምራቁ ያላቁጠዋል፣ እንክብል እንክብል አድርጎ ይተፋላታል። እሷ ከውስጥ ሆና ትመርጋለች። የምትቀረው ምንቃር የምታስወጣ ስንጥቅ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ከሦስት ወር በላይ አትወጣም። እሷንም ጫጩቷንም የሚቀልበው ወንዱ ነው። ሾላ ጉሮሮው ሞልቶ ይመጣና አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቋ ያቀብላታል።

ያንን ጎጆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የዝግባ ዛፍ ላይ፣ ጫካው ዳር። ሁለት ሳምንት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከትምህርት ቤት ስወጣ እሄዳለሁ፣ ከሩቅ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሆዴ አልቻለም። ለአንዱ ነገርኩት። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። እሱም ለሌላው "ለማንም እንዳትናገር" አለው። እሁድ አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። ካሜራ የሌለውም መጣ። ቴፕ ተያዘ፣ ዳቦ ተያዘ። ሽርሽር ሆነ። የሰፈሩ ልጆችም ተከተሉን። አንዱ "ብርሃን ከልክሏል" ብሎ ዛፉ ላይ ወጣና ስንጥቋን የሸፈነውን ቅርንጫፍ ቆረጠው። ማንም አልከለከለውም። እኔም ጭምር።

ወንዱ መጣ። ጉሮሮው ሞልቶ አብጧል። ሩቅ ዛፍ ላይ ዐረፈና አየን። ሄደ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስቴ ተመላለሰ። እኛ ከሥር ተቀምጠን "ና! ና በናትህ!" እንለዋለን። በአራተኛው ደፍሮ ቀረበ፣ የሚያርፍ መሰለ፣ ሰው ጮኸ፣ ታጥፎ በረረ። ያን ጊዜ ነው የተጫንኩት። ዜኒቷ ከ1/500 ሰከንድ በላይ መፍጠን አታውቅም። ክንፉ እንደዚያ ጭረት ሆኖ ቀረ። ለሚበር ወፍ ያንቺ ካሜራ 1/2000 ይሄዳል፣ ተጠቀሚበት።

ማታ ቤት ገባሁ። ገንፎ የምታገነፋው ሴትዮ ያን ቀን ልጇ ታሞባት ቀርታለች። እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። አንቺ ታለቅሻለሽ። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ የወፉን ታሪክ ጀመርኩላት። እንዴት እንደሚመላለስ፣ እንዴት እንደሚያቀብላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ያቺስ አራስ አይደለችም?" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ጭቃው ፈርሷል። ረጅም እንጨት ከዛፉ ሥር ወድቋል። ላባ አለ። የተከተሉን ልጆች ናቸው ይባላል፤ እኔ እነሱን አልወቅስም። ልጅ ምን ያውቃል? መንገዱን ያሳየናቸው እኛ ነን። ቅርንጫፉን የቆረጥንላቸው እኛ ነን።

ፎቶው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጓደኞቼ "ተበላሽቷል፣ ጣለው" አሉኝ። ፍሬም አሠርቼ ሰቀልኩት። እናትሽ ለምን እንደሰቀልኩት ታውቃለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ የባሌ ጉዞሽ።

ለቀይ ቀበሮ እንደምትሄዱ ሰምቻለሁ። ሂጂ። እኔ ሄጄ የማላውቅበት ቦታ ነው፤ አንቺ እዪልኝ። ግን መጀመሪያ ዝቅ ያለችው ዲንሾ ከተማ እደሩ። በቀጥታ ሳነቲ አምባ ልውጣ ብትዪ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ራስሽን ይዞ ያስተኛሻል። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም የካሜራሽን ባትሪ ከሹራብሽ ሥር ያዢው። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቢ ካሜራውን መጀመሪያ በፌስታል ቋጥሪው፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላብ ያልበዋል። ሌንሱ ደግሞ የተዋስሽው ነው። አውቃለሁ። የሰው ዕቃ ነው፣ እንደወሰድሽው መልሺ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ትልልቁ ቢቆጠር 500 አይሞላም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ብዙውን ጊዜ የሚጨርሳቸው ከቤት ውሻ የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ከመሃላችሁ አንዱ "ውሻዬን ይዤ ልምጣ" ካለ አትሂጂ። ምግብ አትወርውሩላቸው። መኪናው ከመንገድ አይውጣ። ፍልፈል ያለበትን ሜዳ ፈልጉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ትልቁ የባሌ ፍልፈል በዓለም ሌላ የትም የለም፣ ቀበሮውም በጣም ይወደዋል። ጠዋት አፈር እየገፋ ብቅ ሲል ቀበሮው ራሱ ይመጣል። እናንተ ወደ እሱ መሄድ የለባችሁም።

አሁን ወሩን አስቢ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወልዱበት ጊዜ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ቡችሎች አሉ። የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ካሳያችሁ እንኳ ከሩቅ እዩና እለፉ። እናቲቱ ከተረበሸች ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ በዚያ ብርድ ጉድጓድ ትቀይራለች። የጉድጓዱን ቦታ ደግሞ አትናገሪ። ለዚያ "እሁድ እንሄዳለን" ላለው ልጅም አትናገሪ። ቢለምንሽም።

ፎቶሽን ለሰው አታሳዪ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምልሽ። ብቻውን ፎቶ የሚያነሳ ሰው አያድግም። እኔ ዓይን ላይ ማነጣጠር የተማርኩት ያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንዱ ባልደረባዬ "ጭራው ጥርት ብሏል፣ ጭራውን ነው እንዴ የምናወራው?" ብሎ አዋርዶኝ። እናንተ ግን ሁሉም ፎቶ ሥር "አሪፍ ነው"፣ "ምርጥ ነው" ትባባላላችሁ። በእሱ ማን ይማራል? ያቺ ፋርማሲ የምትሠራው ጓደኛሽ ብቻ "ወደ ግራ አንድ እርምጃ ብትሄጂ ቅርንጫፉ ከአንገቱ ኋላ አይወጣም ነበር" ብላሽ አየሁ። እሷን ያዢያት።

ለእኔም እንደዚያው አድርጊ። በየጠዋቱ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ እየሄድኩ በስልኬ የማነሳቸውን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ስልክልሽ "ጎበዝ አባዬ" አትበዪኝ። እንደተንቀጠቀጠ እኔም አያለሁ። ደግሞ የአባ ኮዳ ቦታ ምስጢር የለውም። የዓሣ አንጀት እየጠበቀ ከሰው እግር ሥር ይቆማል። እሱን ለፈለግሽው ሁሉ ንገሪ፣ ካርታም ሥሪላቸው።

ለጓደኞችሽ የምታካፍይው ሌላ ብዙ ነገር አለ። ስንት ሰዓት ላይ እንዳነሳሽ። ምን ያህል ርቀሽ እንደቆምሽ። ምን ስትበላ እንዳየሻት። ስንት ሰዓት እንደጠበቅሽ። ቦታውን ከጠየቁሽ "አዲስ አበባ አጠገብ ያለ ጫካ" በቂ ነው። ከቆረቆራቸው ጫጩቶቹ በረው ከሄዱ በኋላ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ባዶውን ሽንቁር አሳዪያቸው። ይቀየሙሻል፣ ይቀየሙ። አንዳንዱ "ለብቻሽ ልታደርጊው ነው" ይልሻል። ይበል።

መናገሻ ላይ የጻፍሽውን ዛሬ አጥፊው። ለእያንዳንዳቸው ደውዪ፣ አሥራ አራት ስልክ ነው፣ ብዙ አይደለም። ካርድ ከሌለሽ ትንሽ ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ቀሪው ለባሌ ነው፣ ለጫማ እንዳታደርጊው።

ጋቢዬን በአጎትሽ ልጅ ሰድጄልሻለሁ። እናትሽ ጭኮ አዘጋጅታልሻለች፣ ለጓደኞችሽም ይበቃል። ያንን የሳሎኑን ፎቶም ከፍሬሙ አውጥቼ ጋቢው ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ፣ አንቺ ጋ ይሁን። ከጀርባው የዛፉን ቦታ በእርሳስ ጽፌው ነበር። ትናንት አጠፋሁት።

ጭኮው ከሻንጣው ታች እንዳይሆን፣ ቅቤው ጋቢውን ያበላሸዋል። ዲንሾ ስትደርሺ ደውዪ። ለእኔ ካልሆነ ለእናትሽ።

አባትሽ