ዝግ የውሻ ሳጥን መሥራት ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ባህር ዳር፣ የካቲት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ከዚህ ወር ጀምሮ ወርክሾፓችን ጎኖቹ በላሜራ የተዘጉ የውሻ ማጓጓዣ ሳጥን አይሠራም። ዋጋ ጨምሮ የሚያዝ ሰው ቢመጣም አንሠራም። ከዚህ ቀደም ከእኛ የወሰዳችሁ ደግሞ ሳጥኑን አምጡት፤ ጎኖቹን በግራይንደር ቆርጠን ሜሽ (የሽቦ መረብ) እንበይድበታለን። የምትከፍሉት የሜሹን ዋጋ ብቻ ነው፤ የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። የምታመጡትም ሙቀት የሚበረታባቸው መጋቢትና ሚያዝያ ሳይገቡ ቢሆን ደስ ይለናል።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ከመስኖ በቆሎው ከርከሮና ጃርት የሚያባርሩ ሁለት ውሾች ያሉት ደንበኛችን ውሾቹን በዝግ ሳጥናችን ፒካፕ ላይ ጭኖ ከእርሻው ወደ ከተማ ተመለሰ። ውሾቹ ሌሊቱን ሲሮጡ ያደሩ፣ ረፋዱ ላይም አንድ ከርከሮ እስከ ወንዙ ድረስ ያሳደዱ ናቸው። እንዳለከለኩ ጫናቸው። ከተማ ሲገባ ነዳጅ ወረፋ ያዘና አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆመ። ሳጥኑን ሲከፍት ደነገጠና ቅርብ ስለሆንን ደወለልን፤ ሮጬ ሄድኩ።

በሩ አጠገብ የነበረው ውሻ ምላሱ ከአፉ ወጥቶ ጫፉ እንደ ጭልፋ ሰፍቷል፤ ቀለሙ የቀይ ሥር ቀለም ሆኗል። ምራቁ ወፍሮ ክር ሠርቶ ይንጠለጠላል። ባለቤቱ በስሙ ሲጠራው ዓይኑ አልተከተለውም። ከጎረቤት ሻይ ቤት ሁለት ጀሪካን ውኃ ለምነን ሆዱና ጭኑ ላይ እያፈሰስን በካርቶን አራገብንለት፤ እሱ ተረፈ። በስተውስጥ በኩል የነበረው አንበሴ ግን ቀድሞ ሞቶ ነበር። ሳጥኑን የበየድኩት እኔ ነኝ። ለአየር ብዬ አሥራ ሁለት ቀዳዳ በስቼበት ነበር፤ ሁሉም በበሩ በኩል ነበሩ። ባለቤቱ አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዝግ ሳጥን ለመበየድ እጄ እምቢ ብሎኛል።

ውሻ እንደኛ ሰውነቱን ሙሉ አያልበውም። የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፦ አየሩ በምላሱና በመተንፈሻው ላይ ሲያልፍ እርጥበቱ ይተንና ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ለዚህም ደረቅና የሚንቀሳቀስ አየር ያስፈልገዋል። ዝግ ሳጥን ውስጥ ሁለት ውሾች ካለከለኩ አየሩ በራሳቸው ትንፋሽ ይረጥባል፤ ከዚያ በኋላ ማለክለኩ ድካም ብቻ ይሆናል። ድካሙም ራሱ ሙቀት ይጨምርባቸዋል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ሲያልፍ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል። ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«ባህር ዳር እኮ እንደ መተማ አይደለችም» የሚሉን ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ከሐይቁም ነፋስ አለን። የቆመ መኪና ግን ይህን አያውቅም። ውጪው 24 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። መስኮት በትንሹ ዝቅ ማድረግም ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

እኛም በራሳችን መንገድ ሞክረነዋል። እኩለ ቀን ላይ አንዱን ጧፍ አሮጌው ዝግ ሳጥን ውስጥ፣ ሌላውን አዲሱ ሳጥን ውስጥ አቁመን ሁለቱንም ግቢያችን ፀሐይ ላይ ተውናቸው። ምሳ በልተን ስንመለስ የዝጉ ሳጥን ጧፍ ወገቡ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የአዲሱ እንደቆመ ነው። ለሠራተኞቼ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አዲሱ ሳጥን ፍሬሙ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ብረት) ነው፤ አራቱም ጎን ሜሽ ነው። ጣሪያው ድርብ ነው፦ ከላይ ነጭ የተቀባ ላሜራ፣ ከሥሩ ለነፋስ መተላለፊያ የተተወ ክፍተት፣ ከዚያ ሁለተኛ ላሜራ። የላይኛው ፀሐዩን ይቀበላል፣ ሙቀቱን ነፋሱ ይወስደዋል። ወለሉን ከፒካፑ ብረት አንስተን እንጨት ረብርበንበታል፤ ምክንያቱም ከሥር የጭስ ማውጫው ማርሚታ ያግለዋል፣ ቆሞ የዋለ የፒካፕ ወለልም መዳፍ ይለበልባል። ስፋቱን የምንለካው ውሻው ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ እንዲተኛ አድርገን ነው። እባካችሁ ለክታችሁ ከመምጣት ውሻውን ራሱን ይዛችሁት ኑ።

ሳጥኑ ግን ብቻውን አያድንም። አንበሴን የገደለው ላሜራው ብቻ አልነበረም፤ ከሩጫ በቀጥታ መጫኑም ነው። ሲሮጥ የቆየ ውሻ እሳቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚገባው። ጥላ ሥር አሳርፉት፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት፣ ማለክለኩ በርዶ አፉን ሲገጥም ጫኑት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ጠብቁት።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ በጉዞ ላይ አፉን በገመድ አትሰሩት። እንዳይነክስ ብለው አፉን ጠፍረው፣ በማዳበሪያ ከረጢት አንገቱ ድረስ ከተው በባጃጅ የሚያመጡ ሰዎች አሁንም አሉ። አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ አይችልም፤ የቀረችውን አንዲት መውጫ ደፈናችሁበት ማለት ነው። የሚናከስ ከሆነ አፉን ከፍቶ ለመተንፈስ የሚበቃ የሽቦ አፍ መሸፈኛ እንሠራላችኋለን።

በክረምት ደግሞ ዝናብ ፈርታችሁ ሸራ ዙሪያውን አትጠምጥሙ። ከላይና ከፊት ይበቃል። የሐይቁ ዳር አየር በክረምት እርጥብ ስለሆነ ውሻ ፀሐይ ሳይኖርም ሊታፈን ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ የምትጭኑ ሰዎች ሰዓቱን አስቡበት። ከባህር ዳር ማለዳ 12 ሰዓት የተነሳ መኪና የዓባይ በረሃ የሚደርሰው ፀሐዩ ሲበረታ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ ከተሰለፋችሁ ነፋስ የሚባል አይገባም። ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን አድራችሁ ጎህ ሲቀድ ውረዱ። በአጭር መንገድም ቢሆን ከ4 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ጫኑ። ስትቆሙ ጥላ ፈልጉ፣ በሩን ከፍታችሁ እዩት። አፍንጫው አጭር የሆነ፣ የወፈረ ወይም ያረጀ ውሻ ቶሎ ይሸነፋል።

ምላሱ ከሰፋ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ሲነሳ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው፣ ሐኪም ጋ ለመድረስ ከመሮጣችሁ በፊት አቀዝቅዙት። ጥላ ሥር አውጥታችሁ ያገኛችሁትን ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። «ቀዝቃዛ ውኃ ይገድለዋል» የሚባለውን አትስሙ። እርጥብ ፎጣ ግን ደርባችሁ አትተዉበት፤ ሙቀቱን ያፍናል። ራሱን ከሳተ ውኃ በአፉ አትጨምሩ። ቆሞ ቢሄድም እንኳ የዚያኑ ዕለት የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የኩላሊትና የደም ጉዳት ቆይቶ ነው የሚወጣው። የተረፈውን ውሻ ያከመው ሐኪምም ለሦስት ቀን እየተመላለሰ አይቶታል።

አሮጌ ሳጥናችሁን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንቀበላለን። ጠዋት ያመጣችሁትን ማታ ትወስዳላችሁ። ከእኛ ያልገዛችሁትም ብትሆኑ አምጡት፤ በተመሳሳይ ዋጋ እንቆርጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባለቤትና ሠራተኞቹ