ለነሐሱ አራት ጀግኖች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለሐውልት እንክብካቤ ጥናትሽ የምሥራቅ ለንደኑን የአራት ኳስ ተጫዋቾች የነሐስ ሐውልት መምረጥሽን ስሰማ ደስ አለኝ። «ለኳስ ተጫዋች ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ላልሽው ግን መልስ አለኝ።

በ1954 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የእኛ ልጆች ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈው ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። በ1958 ደግሞ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ዌምብሌይ ላይ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈችው እንደ እኛው በጭማሪ ሰዓት፣ እንደ እኛው 4 ለ 2 ነው። አራቱንም ጎል ያገቡት የአንድ ሰፈር ክለብ ልጆች ናቸው፤ ሦስቱን ጄፍ ኸርስት፣ አንዱን ማርቲን ፒተርስ። አምበሉ ቦቢ ሙርም የዚያው የምሥራቅ ለንደኑ ክለብ የዌስትሃም ልጅ ነው። ታዲያ ሰፈሩ አይኮራም?

ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ስትራትፎርድ ሄደ፤ አሮጌው ስታዲየምም ፈርሶ ቤት ተሠራበት። ሐውልቱ እዚያው ቀረ። ኳሱን ያላየ ልጅ አሁን የሚጠይቀው እሱን ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ድካሙ የሚገባው።

ስለ ሥራው አንቺ ታውቂያለሽ፣ ግን የአባት ነገር ሆኖብኝ ልናገር። የወፍ ኩስ አሲድ ስላለው ሳይቆይ ይነሣ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል፤ የሽቦ ብሩሽ አጠገቡ አይድረስ። ቀራፂው አስቦ የሰጠውን ጠቆር ያለ ቀለም «ቆሽሿል» ብሎ ፍቆ ማብለጭለጭ ማቁሰል ነው። ውኃ የሚያቁረው በልብሱ እጥፋትና በጫማው ሥር ነውና እዚያ ጊዜ ስጪ። እርጥበቱ ሙልጭ ብሎ ሳይደርቅ ሰም ከተቀባ፣ ውኃው ከሥር ታፍኖ ነሐሱን ይበላዋል። ሰሙ ስስ ይሁን፤ በጨርቅ ይወልወል፤ በየጊዜውም ይታደስ።

አንድ አደራ አለኝ። በሐውልቱ ላይ ሙርን ከኸርስት ጋር በትከሻው የተሸከመው አራተኛው ሰው፣ ሬይ ዊልሰን፣ የሌላ ከተማ ክለብ የኤቨርተን ተጫዋች ነበር፤ ለሰፈሩ እንግዳ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሦስቱ ያያል። ስትመረምሪ የእሱን ጎን እንደሌሎቹ እኩል መርምሪ፤ ፎቶውንም ከቅርብ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ ናፍቃሻለች፤ እሑድ ደውዪላት።

አባትሽ