21 ዓመት ሳይሞላሽ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። አያትሽ ደብዳቤ ስታስጽፍሽ ሁሌ በዚህ ነበር የምታስጀምርሽ፤ አንቺም ትስቂ ነበር። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ እውነትም ስለ ጤናሽ ነው። በተለይ ሲያምሽ ስለሚከፍልልሽ ካርድ።

እሁድ ስልክ ላይ "ሁለት ኮርስ ልተውና ሥራ ልያዝ" አልሽኝ። እኔም "የትምህርትሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ" ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስጨነቀኝ ሥራ መያዝሽ አይደለም። ማርች ላይ 21 ይሞላሻል። ለሌላው ሰው ያ ቀን ኬክ የሚቆረጥበት ነው። እኛ ቤት ግን ኢንሹራንስም ሊቆረጥበት ይችላል።

"ጓደኞቼ እኮ እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ ይቆያሉ" ብለሻል። ልክ ነሽ፣ ይቆያሉ። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ ነው ያን የፈቀደው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። እኛ የያዝነው ትራይኬር ግን የጦሩ ኢንሹራንስ ስለሆነ የራሱ ደንብ አለው። የጡረተኛ ወታደር ልጅ የሚሸፈነው እስከ 21 ዓመቱ ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነና ወላጁ ከግማሽ በላይ ወጪውን ከቻለለት እስከ 23 ይሄዳል። አንቺ ሁለት ኮርስ ስትተዪ ከ12 ክሬዲት በታች ትወርጃለሽ። ያን ጊዜ የሙሉ ጊዜ ተማሪ አይደለሽም።

በስልክ ልዘርዝርልሽ ብል "አባዬ ገባኝ፣ ገባኝ" ብለሽ ታስቆሚኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እኔ ግሪን ካርዴን ይዤ ጦሩ ውስጥ የገባሁት በ1999 ነው። በ2019 ስወጣ 20 ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስለ ኢንሹራንስ አስበን አናውቅም። ታመምሽ፣ ክሊኒክ ወሰድንሽ፣ አለቀ። አንቺና ወንድምሽ ስትወለዱም ቢል የሚባል ነገር ቤታችን አልመጣም። ጡረታ ስወጣም እንደዚያው የሚቀጥል መስሎኝ ነበር።

አይቀጥልም። ጡረታ በወጣሽ በ90 ቀን ውስጥ ራስሽ መርጠሽ መመዝገብ አለብሽ። ያልተመዘገበ ሰው የሚቀርለት የጦሩ ሆስፒታል ትርፍ ቦታ ካለው መታየት ብቻ ነው። ምርጫው በዋናነት ሁለት ነው፤ ፕራይም እና ሴሌክት። ፕራይም ላይ አንድ የራስሽ ሐኪም ይመደብልሻል፤ ስፔሻሊስት ለማየት እሱ ሪፈር ሊጽፍልሽ ይገባል። ሴሌክት ላይ የፈለግሽው ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ፤ ግን በየጊዜው ከኪስሽ የሚወጣው ይበዛል።

ያኔ ሴሌክትን መረጥኩ። ምክንያቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ነጻ ነው። ከ2018 በፊት ጦሩን ለተቀላቀልን ጡረተኞች ሴሌክት የምዝገባ ክፍያ አልነበረውም። (ከዚያ ወዲህ የገቡት ልጆች ሌላ ታሪፍ ነው ያላቸው።) የቤታችንን ሰው አንድ በአንድ አስቤ፣ ማን ምን ያመዋል፣ የት ይታከማል ብዬ አልነበረም የወሰንኩት። ዜሮ የሚል ቁጥር አየሁ፣ ፈረምኩ።

ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ያ ዜሮ ቀረ። በወር ለአንድ ሰው 12.50፣ ለቤተሰብ 25 ዶላር ሆነ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ከጡረታ ደመወዜ እንዲቆረጥ ራሴ ማስተካከል ነበረብኝ። ማሳሰቢያው በፖስታ መጥቶልኛል። ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አንድ ላይ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩት።

ጃንዋሪ ላይ አንድ ማታ ወንድምሽን አስሙ ተነሳበት። ኢንሄለሩ አልቆ ነበር። እናትሽ ካፖርቷን በፒጃማዋ ላይ ደርባ ፋርማሲ ሄደች። የፋርማሲው ልጅ ካርዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባ "ኢንሹራንሱ አይሠራም" አላት። እናትሽ ካርዱን ተቀብላ በካፖርቷ እጅጌ ጠረገችና መልሳ ሰጠችው፤ ቆሽሾ መስሏት። "እንደገና ሞክረው እስቲ" አለችው። ሞከረ። አይሠራም። ሙሉ ዋጋውን ከፍላ መጣች። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ደረሰኙን ብቻ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ቢጫ ሆኖ እስካሁን አለ፤ አንቺም ስታይው "ይሄ ምንድነው?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ። ያኔ ዝም አልኩሽ። ነገሩ ይሄ ነው።

እንደ እድል ሆኖ ለማስመለስ 180 ቀን ተሰጥቶን ነበር። ያልተከፈለውን ከፍዬ፣ ሁለት ጠዋት ስልክ ላይ ያንኑ ሙዚቃ ስሰማ ውዬ ካርዱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ፖስታ ሳልከፍት አላድርም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ምዝገባ ሲከፈት ደብተር አውጥቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ኦፕን ሲዝን የሚሉት እሱ ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ አንስቶ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ አራት ሳምንት ያህል ክፍት ነው፤ የቀየርሽው ከጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ከዚያ ውጭ መቀየር የምትችይው በሕይወትሽ ውስጥ ነገር ሲለወጥ ነው። ካገባሽ፣ ከወለድሽ፣ ቤት ከቀየርሽ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ከያዝሽ ወይ ካጣሽ 90 ቀን ይሰጡሻል። አያትሽ "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የምትለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሂሳቡን እንዳየሁት ላሳይሽ። በዚያ ዓመት ፕራይም ለቤተሰብ 606 ዶላር ነበር። ዲዳክቲብል፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ ከኪስሽ የሚወጣው፣ የለውም። ስፔሻሊስት ጋ በሄድሽ ቁጥር ኮፔዩ፣ ያንቺ ድርሻ፣ ወደ 30 ዶላር ነበር። ሴሌክት 300 ዶላር ነበር፤ ሲደመርበት ዲዳክቲብል ለአንድ ሰው 150፣ ለቤተሰብ 300። ስፔሻሊስቱ ደግሞ ወደ 45 ዶላር ነበር። ወንድምሽ በዓመት 12 ጊዜ ያህል ሐኪም ጋ ይመላለሳል። ስደምረው ፕራይምም ወደ አንድ ሺህ፣ ሴሌክትም ወደ አንድ ሺህ መጣ። ሁለቴ ደመርኩ፤ ያው ነው። ተናደድኩ። ግማሽ ሌሊት የፈጀሁት ለዚህ ነው?

ያኔ እናትሽ ሻይ ይዛ መጣችና "ሐኪሙ የት ነው የሚቀመጠው?" አለችኝ። እኔ ወረቀት ሳሰላ እሷ መንገድ ታሰላ ነበር። ነገሩን የፈታችው እሷ ናት። በጦሩ ሆስፒታል ሐኪም ስትታዪ ኮፔይ የለም። እዚያ ደግሞ ቀጠሮ ሲሰጥ ከሴሌክት ይልቅ የፕራይም ሰው ይቀድማል። የጦሩ ሆስፒታል ያለበት ፎርት ቤልቮር ከቤታችን 20 ደቂቃ ነው። የወንድምሽን ሐኪም እዚያ ካደረግን 12ቱም ኮፔይ ይጠፋል። መድኃኒቱም ከጦሩ ፋርማሲ በነጻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሺው 606ቱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ሌላም አለ። በዓመት ቤተሰቡ ከኪሱ የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ለእኛ በፕራይም 3,000፣ በሴሌክት 3,500 ዶላር ነበር። አንድ ሰው ሆስፒታል ከተኛ ያ ጣሪያ ነው ከዕዳ የሚያድንሽ። እኔ ግን በ2019 ጭራሽ አላየሁትም ነበር።

ፕራይም ጣጣ የለውም አልልሽም። ለሳንባ ሐኪም ቤተስዳ ያለው የጦሩ ሆስፒታል፣ ዋልተር ሪድ፣ ሲልኩን በ495 መንገድ ላይ ስንት ጠዋት እንዳለቀ እናትሽን ጠይቂያት። ሪፈሩ ቀን ይፈጃል። ሪፈሩን ሳትጠብቂ በራስሽ ስፔሻሊስት ጋ ከሄድሽ ደግሞ ቅጣት አለው። ለአንድ ሰው መጀመሪያ 300 ዶላር ከኪስ፣ ከዚያ በኋላ የሂሳቡ ግማሽ ያንቺ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ጣሪያው ውስጥ አይቆጠርም። አብረውኝ ያገለገሉ ጓደኞቼ ቡና ላይ "ፕራይም ሰው ያስለምናል" ይላሉ። ልጆቻቸው ጤነኛ ናቸው፣ ከጦር ሰፈር ርቀው ነው የሚኖሩት። እነሱ ቤት ሴሌክት ልክ ነው። እኛ ቤት አይደለም።

አንቺን ግን ኮሌጅ ስትገቢ ወደ ሴሌክት አዛወርኩሽ። "ለምን እኔ ብቻዬን?" ብለሽ ነበር፤ የተገለልሽ መስሎሽ። አንድ ቤተሰብ አንድ ዓይነት መያዝ አለበት የሚል ሕግ የለም። ኦሃዮ አንቺ ባለሽበት ከተማ ፕራይም የለም። ፕራይም ላይ ብትቆዪ ሐኪምሽ ቨርጂኒያ ነው። ጉሮሮሽን ባመመሽ ቁጥር ስምንት ሰዓት ልትነጂ ነው?

አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤትም ኢንሹራንስ ይሰጣል። ከደመወዜ በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው ከፕራይም የዓመት ክፍያ ጋር ሲተያይ ያስቃል። ብይዘው መጀመሪያ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ትራይኬር ሁለተኛ ይሆናል። ያንን ደግሞ ለትራይኬር ማሳወቅ ግዴታ ነው። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ኤችኤስኤ የሚባለውን የጤና ቁጠባ አጥብቃ መከረችኝ፤ ጥሩ ነገር ነው አለችኝ። ለሌላው ጥሩ ነው። ትራይኬር ያለው ሰው ግን እዚያ ውስጥ ገንዘብ ማስገባት አይፈቀድለትም። አታውቅም ነበር። አልፈርድባትም።

ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ደግሞ ሌላ ነው። ጉልበቴን ለሐኪም የማሳየው እዚያ ነው። ቪኤ እኔን ያያል እንጂ እናትሽንም እናንተንም አያይም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ጥርስና መነጽርም ለብቻ ነው። ከ2019 ጀምሮ የእኛ የጡረተኞቹ ፌድቪፕ በሚባለው የመንግሥት የጥርስና የዓይን ኢንሹራንስ በኩል ሆኗል፤ እሱንም ራስሽ ካልተመዘገብሽ የለም። ያንቺን መነጽር የከፈልነው በዚያ ነው። ባለፈው የሰበርሽውን ማለቴ ነው። ሁለተኛውን።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። 12 ክሬዲቱን ከያዝሽ ነገሩ ቀላል ነው። ግን በራሱ አይሆንም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የልደት ቀንሽን ብቻ ነው፤ ተማሪ መሆንሽን አያውቅም። ሬጅስትራሩ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንሽንና የምትመረቂበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልሽ። እኔ ቤልቮር መታወቂያ ቢሮ ወስጄ ዲርስ የሚሉት የጦሩ መዝገብ ላይ አስለውጠዋለሁ። ያን ካላደረግን በልደትሽ ቀን ስምሽ ይወጣል። ተማሪም ብትሆኚ።

ኮርሶቹን ከተውሽ ደግሞ ትራይኬር ያንግ አደልት የሚባል አለ። እስከ 26 ዓመት ያስኬዳል። ግን ሙሉ ዋጋውን የምንከፍለው እኛው ነን። ሴሌክቱ በወር ከ300 ዶላር በላይ ነው፤ ፕራይሙ ደግሞ የዚያ እጥፍ ያልፋል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው ይሄ። ሥራሽ ኢንሹራንስ የሚሰጥሽ ከሆነ ይሄን መግዛት አትችይም። ካገባሽም አትችይም። (አላሰብሽም አይደል? እናትሽ ናት ጠይቃት ያለችኝ።) ስለዚህ ያገኘሽው ሥራ በሰዓት ስንት እንደሚከፍል ነግረሽኛል፤ ኢንሹራንስ ይኑረው አይኑረው ግን አልነገርሽኝም። ጠይቂያቸው። ከሌለው በወር 300ውን ከደመወዝሽ ቀንሰሽ እስቲ እይው። ስንት ሰዓት ቆመሽ ቡና ስትቀጂ ነው የሚወጣው? እኔ አስልቼዋለሁ፤ አንቺም አስይው፣ ከዚያ እንነጋገር።

ሥራውን አትያዢ አላልኩም። ገንዘብ ቸግሮሽ ከሆነ ደብቀሽኛል ማለት ነው፤ እሱን ለብቻ ንገሪኝ። አንድ ኮርስ ብቻ ብትተዪ 12ቱ ላይ ትቆያለሽ መሰለኝ። አማካሪሽን ጠይቂው። ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ሥራም አይጠፋም።

የሬጅስትራሩን ደብዳቤ ከገና እረፍት በፊት አስወጪው። ስትመጪ ዋናውን ይዘሽ ነይ፤ ለጊዜው በስልክ ፎቶውን ላኪልኝ። ፍሪጁ ላይ ከደረሰኙ አጠገብ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ። ወንድምሽ የብስክሌቱን ቁልፍ የት እንዳደረግሽው ጠይቅልኝ ብሏል። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በፖስታ ልካለች፤ ሐሙስ ይደርስሻል።

አባትሽ