ተመላሾችን ተከትሎ የሚመጣው ዕዳ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ስለ ተጎጂዎች ጥበቃና መልሶ ማቋቋምም ይደነግጋል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው የ64 ሰዎች አስከሬን ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ ከጭነት መኪና ኮንቴይነር መገኘቱ ይታወሳል።

ከከተማችን ሐዋሳ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የስደት መስመር አካል ነው። ደላላው ብዙ ጊዜ የሰፈር ሰው ወይም ዘመድ በመሆኑ፣ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን በወለድ አገድ ሰጥቶ የሚከፍለው አምኖ ነው፤ ልጁ ሲጎዳም ይሉኝታውና ፍርሃቱ ከምስክርነት ያግደዋል።

እኔን የሚያሳዝነኝ የተመላሾች ነገር ነው። ከባዕድ አገር እስር ቤት የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ወጣት የመሳፈሪያ ገንዘብና የጥቂት ቀናት ሥልጠና ተሰጥቶት ተሸኘ፤ አራጣ አበዳሪው ግን ዛሬም የእናቱን በር ያንኳኳል። ዕዳው እስካለ ድረስ ልጁ ዳግም መሄዱን እንደ ብቸኛ መውጫ ቢያየው አይፈረድበትም።

ስለሆነም የሲዳማና የአጎራባች ክልሎች አስተዳደሮች ለተመላሾች አነስተኛ ወለድ ያለው ብድር፣ የሥነ ልቦና ምክርና የምስክሮች ጥበቃ በጋራ እንዲያመቻቹ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ