የጎረቤቴ ቤት ተለክቶ የእኔን አይነግረኝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ከአፈር ወደ ቤት ገብቶ ሳንባን ስለሚጎዳው የራዶን ጋዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩን ስላነሳችሁት አመሰግናለሁ። አንድ አባባል ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በትንሽ መንደር ጥቂት ቤቶችን ለክቶ አማካዩን ማወቅ ይበቃል ይላል። አይበቃም። ይህን የምለው በራሴ ቤት ስለደረሰ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። የእኔንም የጎረቤቴንም ቤት የሠራሁት እኔው ነኝ፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ሲሚንቶና አሸዋ። ጎረቤቴ ራዶን ሲለካ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 60 ቤክሬል (የራዶን መጠን የሚለካበት አሃድ) አገኘ። ደስ አለን። የእኔም ያው ነው ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። በመጨረሻ ልጄ ጨቅጭቃ አስለካችኝ። የልጅ ልጄ የምትተኛበት ምድር ቤት 340 ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ100 እንዳይበልጥ ነው፤ ያ ካልተቻለ እንኳ 300ን እንዳያልፍ። ያቺ ልጅ ሁለቱንም ዓመት እዚያ ነው የተኛችው።

በዚያው ሌሊት ባትሪ ይዤ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት። ሊሾው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች። የፍሳሽ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳም በደንብ አልተደፈነም። ያልደፈንኩት እኔ ነኝ። ያኔ ውሃ ካላስገባ ምን ችግር አለው እንል ነበር። ራዶን ግን ውሃ አይደለም። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚመጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ጨረር የሚያወጣ ጋዝ ነው። የቤቱ ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሥር የአፈሩን አየር ይስባል። ጋዙም በዚያች ክፍተት ይገባል። ክፍተቱና ከሥር ያለው አፈር ከቤት ቤት ይለያያል፤ መስኮት የምንከፍተውም እኩል አይደለም። ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች የተለያየ ቁጥር የሚያወጡት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ስታንሊ ዋትራስ የሚባል መሐንዲስ ገና ሥራ ባልጀመረ የኑክሌር ጣቢያ የጨረር ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸው ነበር። ጨረሩን ይዞ የሚመጣው ከራሱ ቤት፣ እዚያ ከተጠራቀመው ራዶን ነበር። እሱን ያተረፈው ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኛ በራችን ላይ እንደዚያ የሚጮኽ ነገር የለንም። ከሲጋራ ቀጥሎ ሳንባን ለካንሰር የሚዳርገው ዋናው ነገር ራዶን ነው። ለሚያጨስ ሰው ደግሞ አደጋው ብዙ እጥፍ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስንጥቁን ብቻ ደፈንኩ። ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልበቃም። ከዚያ ወለሉን በስቼ ከሥሩ ቱቦ አስገባሁ። አየሩን እየሳበ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ማራገቢያም ገጠምኩ። አሁን 45 ነው።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እለምናለሁ። አማካይ ስታወጡ ከፍተኛውንም ቁጥር አብራችሁ አውጡ። አለካኩንም ጻፉልን፦ መለኪያው ሰው በሚያድርበት ዝቅተኛው ክፍል ይቀመጥ፤ ከመስኮት፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ይራቅ። የጥቂት ቀን ልኬት ፍንጭ ይሰጣል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ግን ይበልጥ ይታመናል።

ለአንድ ቤተሰብ መለኪያ መግዛት ሊከብድ ይችላል። ለዚህ ነው እኛ አንዱን ዲጂታል መለኪያ የምንዋዋሰው። አሁን አራተኛው ቤት ነው ያለው። አምስተኛዋ ባለተራ፣ አራስ ልጅ ያላት እናት፣ ትናንት ደውላ መቼ እንደሚደርሳት ጠይቃኛለች።

ጡረታ የወጣ ግንበኛ፣ አንባቢያችሁ